ወደ መንገዱ የዞረው መስኮት

አባቴ ግንበኛ ነበር። መካነ ሰላም ዳር ያለውን ቤታችንን ከጓሮው ገደል በፈለጠው ጥቁር ድንጋይ የሠራው እኔ ዓረብ አገር ሳለሁ ነው። ሳልመለስለት ሞተ። መርዶውን የሰማሁት በስልክ፣ ሰው ቤት ሳህን እያጠብኩ ነው።

በዓመቱ ማዳሜ ልጆቿን ላናፍስ ብላ እንግሊዝ አገር ስትሄድ እኔንም ይዛኝ ሄደች። መቼም ሻንጣ የሚሸከም ሰው አያስፈልግም አይባልም። እዚያ ሁለት የጥንት ግንቦች አየሁ። አንዱ ባሕር ዳር፣ ቋጥኝ ላይ ነው። ድንጋዩ ከዚያው ከቆመበት ቋጥኝ ስለተፈለጠ፣ ቋጥኙ የት አልቆ ግድግዳው የት እንደሚጀምር አይለይም። ይህስ መቅደላ ነው አልኩ በልቤ፤ መቅደላ ላይ ግን ገደሉን ለማቆም የደከመ ግንበኛ የለም። ሁለተኛው ሜዳ ላይ ነው። ገደል ያጡ ሰዎች ዙሪያውን ቆፍረው ውኃ ሞልተውበታል፤ ድንጋይም ስላልነበራቸው ጭቃ ተኩሰው በጡብ ገንብተውታል። አባቴ ቢያየው በመዳፉ መታ መታ አድርጎ "ይሄ ደግሞ ድንጋይ ነው?" ይል ነበር ብዬ ሳቅኩ። ወዲያው አለቀስኩ። ማዳሜ ብርዱ መሰላት።

በባሕሩ ግንብ ውስጥ አንድ መስኮት ነበር፤ ከውጭ እጅ አያስገባም፣ ከውስጥ ግን ሰው ተደላድሎ ይቀመጥበታል። የማዳሜ ትልቋ ልጅ የአስጎብኚውን ቃል በዓረብኛ ነገረችኝ። ቀስተኛው እዚያ ተቀምጦ የሚመጣውን ሁሉ ያያል፤ የሚመጣው ግን እሱን አያየውም።

ዘንድሮ አገሬ ስገባ ያንኑ መስኮት ቤታችን ውስጥ አገኘሁት። በእኛ አገር በነፋሱ በኩል መስኮት የሚያወጣ ጤነኛ ግንበኛ የለም። አባቴ ግን ሚኒባሱ ወደሚቆምበት መንገድ አዙሮ፣ ከውጭ ጠባብ ከውስጥ ሰፊ አድርጎ አውጥቶታል። ከሥሩ የድንጋይ መቀመጫ አለ። ክርኑ ያረፈበት ልስን ጎድጉዷል።

እናቴን የሚያስላት በዚያ የሚገባው ነፋስ ነው። ደረቷ ሌላ ክረምት የሚችል አይመስለኝም።

"እማ፣ ይደፈን" አልኳት።

"ያ ረቢ! እሳቸው በምን ይዩ?"

ይህን ስትል ወደ አባቴ መቀመጫ ዞራ ነው። እዚያ ላይ ማንም ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም፣ ድመቷ እንኳ። ጠዋት ጠዋት ግን የአባቴ ለምድ ተነጥፎበት አገኘዋለሁ። ፈራሁ፤ ተናደድኩም። ለሌለ ሰው ተብሎ ያለችኝ እናት በብርድ ትለቅ? የአባቴን የሥራ ጓደኛ ጠራሁ።

ሽማግሌው ግንበኛ ጥቁር ድንጋይ ጠርበው፣ ጭቃ አቡክተው መጡ። እናቴ አልተከራከረችም። ለምዱን አጣጥፋ ታቀፈችና "መምጣትሽን ሳይሰሙ ነው የሄዱ። ንገሪያቸውና ዝጊው፤ አብሽሪ" አለችኝ።

መቀመጫው ላይ ተቀመጥኩ። ሚኒባሱ ደርሶ ሰው ያወርዳል። ሳላስበው አንገቴን አስግጌ የምትወርደውን ሴት ሁሉ ፊት ፊቷን አየሁ። አባቴ ስንት ቀን እንዲህ አይቶ ይሆን? አፌን ወደ ጠባቡ ክፍተት አስጠግቼ "አባ፣ መጥቻለሁ" አልኩ። ነፋሱ ቃሌን ወደ ቤት መለሰው።

"ላስገባው?" አሉኝ ግንበኛው፣ ድንጋዩን እንደታቀፉ።

"ትንሽ ይቆዩኝ" አልኳቸው። "አባ ገና አልሰሙኝም።"