ከዋስነት የወረድኩበት ቀን

ይህ ነገር የደረሰው ካቻምና በሁዳዴ ጾም ነው። ያን ቀን የተሳፈርኩበት መኪና ቢወጣ ኖሮ ምንም ሳላውቅ እስከ ዛሬ እኖር ነበር። ከልቤ የማይጠፋው ለዚህ ነው። ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ እኔ እየተናገርኩ ጎረቤቴ ናት የምትጽፍልኝ። ወዲያ ወዲህ ብል ታገሡኝ።

ሰዎች እማሆይ ይሉኛል። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ቆብ ጫንኩ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት መቀመጥ አይሆንልኝም። አንድ ሰሞን ቢቸና ልጄ ይርሳው ዘንድ፣ አንድ ሰሞን ሞጣ የይርሳው ልጅ ስመኝ ዘንድ እሆናለሁ። ማርያም ስትነግሥ ደግሞ ደብረ ወርቅ እከርማለሁ። ልጆቼ «እምዬ፣ እርስዎን ለማግኘት እኮ መናኸሪያ መጠበቅ ነው» እያሉ ይስቁብኛል።

ስመኝ ሞጣ የገባችው አንማው የሚባል እህል ነጋዴ አግብታ ነው። በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት ከንፈሯ ተሰንጥቆ አባቷ ቤት ቢቸና መጣች። ብዙም ሳይቆይ አንማው ሽማግሌ ይዞ ደረሰ።

በእኛ አገር ባልና ሚስት ሲታረቁ የመታው ሰው «ሁለተኛ እጄን አላነሳም» ይልና ዋስ ይጠራል። ቃሉን ቢያፈርስ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠራው የባልየው አጎት ነው፣ ወይም ሌላ የሚያፍረው ሰው። አንማው ግን ብድግ አለና «የእኔ ዋስ እማሆይ ናቸው» አለ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። የሚስቱን አያት ዋስ የሚጠራ ባል ማን አይቶ ያውቃል? ሽማግሌዎቹ «ይህስ የጨዋ ልጅ ነው» ተባባሉ። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ኩራት ተሰማኝ። ወንዶች በተቀመጡበት ሸንጎ ስሜ ሲጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። «እሺ ልጄ» አልኩ። ስመኝን ቀና ብዬ አላየኋትም፤ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላትም ሰው የለም። እኔም በልጅነቴ ተመትቼ በመጣሁ ቁጥር እናቴ ነበረች እጄን ይዛ የምትመልሰኝ። የሴት ወግ ይኸው ነው ብዬ ነው የኖርኩት።

ከዚያ ወዲያ ሞጣ በሄድኩ ቁጥር የአንማው አያያዝ ልዩ ሆነ። እግሬን ያጥባል፤ አልጋውን ይለቅልኛል፤ «ዋሴ መጡ!» እያለ ለነጋዴ ጓደኞቹ ያሳየኛል። ስመኝ ግን በጠራራ ፀሐይ እጀ ሙሉ ሹራብ ትለብሳለች፤ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ታስራለች። «ምነው ልጄ?» ስላት «ብርድ ነው እምዬ» ትለኛለች። ዓይኔ ደክሟል፤ ያን ያህል ግን አልደከመም። ማየቱን ነው ያልፈለግሁት።

ያን ዕለት ጠዋት ወደ ቢቸና ልመለስ ነበር። አንማው ራሱ ጓዜን ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስቀምጦኝ ሄደ። ትንሽ እንደቆየን ሾፌሩ መጣና «መንገድ ተዘግቷል። ዛሬ የሚወጣ መኪና የለም፤ ውረዱ» አለን። ሰው አጉረመረመ። እኔ መንገድ ሲዘጋ ለምጃለሁ፤ ጓዜን አንጠልጥዬ ቀስ እያልኩ በእግሬ ተመለስኩ።

የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ልገባ ስል ከውስጥ የወንድ ድምፅ ሰማሁ። የአንማው ነው፤ ግን እንዲያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ዋሳችን ሄደዋል! አሁን ለማን ትናገሪያለሽ? ተናገሪ እስቲ!»

ከዚያ አንድ ነገር ጧ አለ። ስመኝ አልጮኸችም። አፏን በእጇ እንደያዘ ሰው ብቻ ተነፈሰች። እሱ ነው የባሰ ያስደነገጠኝ። መጮህ የተወች ሴት ስንት ጊዜ ጮኻ ይሆን?

ጎረቤት ልጥራ ብዬ አሰብኩ። እግሬ ግን ወደ ውስጥ ወሰደኝ። ስመኝ ጓዳው ደፍ ላይ ወድቃ ግራ እጇን በቀኝ እጇ ደግፋ ይዛለች። አንማው ዘነዘና ይዞ ከበላይዋ ቆሟል።

ዞር ሲል አየኝ። ያን ጊዜ ፊቱ የሆነውን አልረሳውም። ቁጣው በአንዴ ጠፋና ፈገግ አለ። ዘነዘናውን ግድግዳው ሥር ቀስ አድርጎ አቆመው።

«እማሆይ! ምነው ተመለሱ? መንገድ ተዘጋ እንዴ?» አለና ጓዜን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

አልሰጠሁትም። እሱም ወጥቶ የግቢውን በር ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ተመልሶ «ይቀመጡ» አለኝ። «የቤት ገመና ደጅ አይወጣም፤ እርስዎም ትዳር ያውቃሉ። ደግሞስ ዋሴ እርስዎ አይደሉ? ይኸው እዚሁ ያስታርቁን።» ተንበርክኮ ጉልበቴን ሳመ። ሳይለቀኝ ቀና አለና «ይህን ለይርሳው ላይነግሩ በቆብዎ ይማሉልኝ» አለ። ጉልበቴን የያዘበት እጅ እየጠበቀ ሄደ።

ስመኝ መሬት መሬቱን ታያለች። መልሴን አስቀድማ ያወቀችው መሰለኝ።

«መሐላ እንዲህ ጓዳ ውስጥ አይማልም» አልኩት። «የቅዳሴው ሰዓት ደርሷል። ሄጄ ከታቦቱ ፊት እምላለሁ። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ስመኝ ደግፋ ታድርሰኝ።»

ቆብ ጭኜ፣ በሁዳዴ፣ ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት።

«እኔ አለሁ አይደል? እኔ እደግፍዎታለሁ» አለኝ።

«አንተማ ገና ከቁጣህ አልበረድክም። በቁጣ ላይ ያለ ሰው አጠገቤ ቆሞ የምምለው መሐላ አይረጋም» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም።

ኪሱ ውስጥ ቁልፉን ሲያንቀጫቅጭ ይሰማኛል። በመጨረሻ ስመኝን «ሹራብሽን ልበሺ» አላት። እጇ አልገባ አለ። ነጠላዬን አለበስኳት፤ እሱ በሩን ከፈተልንና ወጣን። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ጥጉን እስክንታጠፍ በዓይኑ ተከተለን።

ከጎናቸው ዘሃራ የምትባል ነርስ ትኖራለች፤ ከወሎ ተመድባ የመጣች ናት። በሯ ጥጉን ታጥፎ ነው፤ እዚያ ልብስ ስታሰጣ አየችን። የስመኝን እጅ አየች፤ ምንም አልጠየቀችም። «እማማ፣ በዚህ ይግቡ» ብላ አስገባችንና በሩን ከኋላችን ሸጎረችው። የተሰበረውን እጅ በካርቶንና በሻርፕ እያሰረች እንዲህ አለችኝ፦

«ግድግዳው ስስ ነው እማማ። ብዙ ጊዜ ሰምቼ አንኳኩቻለሁ። ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነው። ‹ዋስ አለን፤ በዋስ የተያዘ ነገር ነው፤ አያገባሽም› ይለኛል። ያ ዋስ የሚሉት ሰውዬ የት እንደሚገኝ ባወቅሁ!»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

እጇ ቆመ። አየችኝና ተመልሳ ማሰሯን ቀጠለች።

ስመኝን «ስንቱን ቀን ስመጣ ምነው ዝም አልሽኝ?» ብላት «እምዬ፣ ብናገር የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። በሽማግሌ ፊት እርስዎን ላዋርድ?» አለችኝ። ይጠብቃታል ያልኩት ዋስነቴ ለካ አፏን የዘጋው እሱ ነበር።

ዘሃራ ሐኪም ቤት ወስዳ አሳከመቻት፤ ቤቷም አሳደረችን። አንማው ፈልጎን ቢያንኳኳም አልከፈተችለትም። በማግሥቱ መንገድ ሲከፈት ስመኝን ይዤ ቢቸና ገባሁ። በምን እንደተጣሉ ብዙ ሰው ጠየቀኝ። አላውቅም፤ አልጠየቅኋትምም። ለዘነዘና ምን ምክንያት ይሆነዋል?

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንማው ሦስት ሽማግሌ ይዞ ይርሳው ቤት መጣ። ትልቁ ሽማግሌ አያ ቢራራ ነበሩ።

«እንግዲህ ምላስና ጥርስም ይጋጫል» ብለው ጀመሩ።

«ጥርስ ምላስን የሚነክሰው ስቶ ነው አያ ቢራራ፤ ዘነዘና አንስቶ አይደለም» አልኩ።

አንዱ ሽማግሌ ሳቀና ሳቁን ዋጠው። ይርሳው በዓይኑ ዝም ይበሉ አለኝ። ልጄ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሰው አፍ ይፈራል። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ፈልጓል።

አንማው ተነሣ። «አጥፍቻለሁ። ሁለተኛ እጄን አላነሳም። ዋሴም እንደ ቀድሞው እማሆይ ናቸው» አለና ፈገግ ብሎ አየኝ። እሺ እንደምል አልተጠራጠረም። በዕድሜዬ ሙሉ እምቢ ብዬ አላውቅማ።

ምርኩዜን ተደግፌ ቆምኩ።

«እኔ ዋስ የሆንኩት እጁን እንዲሰበስብ ነበር» አልኩ። «አልሰበሰበም። ከዛሬ ጀምሮ ከዋስነቱ ወርጃለሁ።»

«እማሆይ!» አሉ አያ ቢራራ። «ቆብ የጫነ ሰው ዕርቅ ያፈርሳል?»

«ዕርቁን ያፈረሰው እሱ ነው። እኔ የተናገርኩት አይቼ ነው።»

አንማው ወደ እኔ ተራመደ። «ቤቴን ያፈረሱት እርስዎ ነዎት! እግርዎን ሳጥብ የኖርኩት ለዚህ ነው?» አለ። ይርሳው ያን ጊዜ ብድግ ብሎ መሐላችን ቆመ። እስከዚያች ደቂቃ ልጄ ከማን ወገን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ሽማግሌዎቹ አንማውን አስቀመጡት። «በል ሌላ ዋስ ጥራ» አሉት። ዙሪያውን አየ። ከዚያ «አያ ቢራራ፣ እርስዎ ይሁኑኝ» አለ።

አያ ቢራራ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እኔማ ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት፤ ሽማግሌ ዋስ አይሆንም» አሉ። ሁለተኛው «እኔ ሩቅ ነው የምኖረው» አለ። ሦስተኛው ዓይኑን ደጁ ላይ ተከለ። ትመለስ ሊሉ የመጡ ሰዎች እጁን አያነሳም ብሎ የሚቆም አንድ ሰው ከመሐላቸው አጡ።

ያን ጊዜ ነው ስመኝን ማየት የጀመሩት። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት።

እጇ በፋሻ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ተነሣች። «እንዳይመታኝ ዋስ የሚያስፈልገው ሰው ባል አይሆነኝም» አለች። ሽማግሌዎቹ ትንሽ ተቀምጠው ተነሥተው ሄዱ።

በፍርድ ቤት ተፋቱ። ስመኝ ዛሬ ቢቸና አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ትሠራለች። ግራ እጇ አሁንም ክረምት ሲገባ ይጠዘጥዛታል። ያን ባየሁ ቁጥር ዋስ ሆኜ የኖርኩባቸው ዓመታት ይቆጩኛል፤ ስላልተቀየመችኝ ደግሞ የባሰ ይቆጨኛል።

በቅርቡ ዘሃራን ልጠይቅ ሞጣ ሄጄ ገበያ መሐል ከአንማው ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን። ሰው እያየ ጎንበስ አለና «እማሆይ፣ ይመርቁኝ» አለኝ። ምርቃት ለምኖኝ ያጣ ሰው የለም፤ የሰደበኝንም እመርቃለሁ። አፌ ተከፈተና ተመልሶ ተዘጋ። «ደህና ዋል» ብዬው አለፍኩ።

ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው። ይቅር በይው አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እየሞከርኩ ነው። ምርቃት ግን ሌላ ነው፤ እሱ ገና ከአፌ አልወጣም።