ጢስ ዓባይን ሳላይ የቀረሁበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ጽዮን ከጓደኞቿ ጋር ግቢዬ ውስጥ፣ ማንጎው ሥር ተቀምጣ የጉዞ ዕቅድ ስታወጣ ዋለች። በቅርቡ የተመረቁ ልጆች ናቸው። ሥራ ከመያዛችን በፊት አንድ ጊዜ አገር እንይ ብለው ነው። ስልክ እየተቀባበሉ ፎቶ ያያሉ፣ ይሳሳቃሉ። የጠበስኩትን ዓሣ ላቀርብላቸው ስወጣ አንደኛዋ፣ «ጎንደር ስንደርስ የምታርፉት እኛ ቤት ነው፤ እናቴ ደስታዋ ነው» ስትል ሰማኋት።

«እናትሽ የእነዚህ ልጆች አባቶች ምን እንደሚሠሩ ጠይቃለች?» አልኳት።

ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም። ጽዮን፣ «አክስቴ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምንም ብዬ ሳህኑን አስቀምጬ ገባሁ። የጎንደሯ ልጅ ምንም አላጠፋችም። እኔ ግን ያን ያህል ዓመት አልፎም እንደ ትኩስ ነገር ተናድጄ ነበር።

በወጣትነቴ ገረሴ በምትባል የጋሞ ደጋ መንደር አስተማሪ ነበርኩ። ከውብነሽ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እሷም እንደኔ አዲስ አስተማሪ ናት። አባቷ ከጎጃም ተዛውረው የመጡ ሹም ስለነበሩ ቤታቸው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ነው። እኔ የኦቾሎ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ሸማኔ ነው። ገረሴ ብርዷ አጥንት ይገባል። ማታ ማታ ድንች ቀቅለን፣ አንዳንዴም እኔ ከጎመንና ከበቆሎ ዱቄት ፎሰሴ ሠርቼ፣ ከሰል ዙሪያ ተኮራምተን እየበላን ውብነሽ ስለ ጢስ ዓባይ ታወራልኛለች። አያቷ ቤት ከፏፏቴው ብዙም አይርቅም። ሕፃን ሳለች ወስደዋት፣ ገና ከሩቅ ፊቷ በእንፋሎቱ እንደራሰ አትረሳውም።

እኔ ያደግኩት ከኦቾሎ ተረተር ላይ ሆኜ አባያ ሐይቅን ቁልቁል እያየሁ ነው። ከዚያ ከፍታ ሲታይ ቀይ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ድምፅ የለውም። ውብነሽ፣ «የእናንተ አባያ ተኝቷል፤ የእኛ ዓባይ ግን ይጮኻል» እያለች ትቀልድብኛለች። ውሃ ሲጮህ መስማት እንዴት እንዳማረኝ ዛሬ ለሰው ባስረዳ የሚገባው አይመስለኝም። ከአርባ ምንጭና ከሶዶ ሌላ ከተማ አላየሁም ነበር።

እናም ማቀድ ጀመርን። ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት ተነሥተን እንቁጣጣሽን አያቷ ቤት ልንውል፣ ፏፏቴውም በክረምቱ ውሃ ሞልቶ ሳለ ልናየው። በመጀመሪያው ዓመት ወባ ጣለኝና ቀረ። ሌላ ዓመት ሙሉ ደግሞ አወራነው። አውቶቡስ ላይ መስኮት በኩል በየተራ ልንቀመጥ፣ ዝዋይ ወርደን ዓሣ ልንበላ፣ የዓባይን በረሃ ስናቋርጥ እንቅልፍ የወሰዳት ልትቀሰቀስ። ለጭቃው የሚሆን ጫማ እንኳ ከካምባ ገበያ አብረን ነው የገዛነው። ጉዞ ከመሄዱ ይልቅ ማሰቡ ይጣፍጣል የሚሉ ሰዎች አሉ። እነሱ ሄደው የተመለሱ ሰዎች ናቸው።

ለአባቴ ስነግረው ደስ አለው። በባዶ እጅ ሰው ቤት አይገባም ብሎ ለውብነሽ አያት ጋቢ ሊሠራ ተነሣ። ፈተሉን እናቴ ፈተለች። አባቴ ከሸማ መሥሪያው ጉድጓድ አፍ ተቀምጦ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ያንን ጋቢ እንደሌላው ሥራው አላየውም፤ ቀስ ብሎ፣ እየዳሰሰ ነው የሠራው።

ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን የውብነሽ እናት፣ እትዬ የሺ፣ ምሳ ጠሩን። አባቴም ሊሸኘኝ ጋቢውን ይዞ ከኦቾሎ ወርዶ ነበርና አብሮኝ ገባ። የአባቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው። ጋቢውን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ይህ ለእናትህ ነው» አላቸው። እትዬ የሺ ሳቁ። ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም፣ ግን ሳቁ። ጋቢውን ዘርግተው አዩት፣ ጉንጫቸው ላይ አደረጉት፣ «እንዴት ያለ እጅ ነው!» አሉ። ከዚያ ዶሮ ወጡ ቀረበ። እየጎረስን ሳለ ወደኔ ዘወር አሉ።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልምከርሽ። እዚያ ስትደርሱ የማን ልጅ ነሽ ቢሉሽ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነኝ በይ። ሸማኔ የሚባል ነገር አታንሺ። ጋቢውንም ገበያ ገዛነው በሉ።»

«ለምን እትዬ?»

«እናቴ ያረጁ ሰው ናቸው፣ ዓይን ይፈራሉ። ሸማኔ ከሰሙ አብረውሽ አይበሉም፤ ጎረቤቱም ያወራል። እኔ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ ለአንቺው ብዬ ነው።»

የያዝኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት። ውብነሽን አየኋት። ኦቾሎ ሦስት አራት ጊዜ መጥታለች። እናቴ በአንድ ቅጠል ላይ ቆጮ አብልታታለች፤ አባቴ ጎን ተኝታ አድራለች ማለት ይቻላል፣ ቤታችን አንድ ክፍል ናትና። አሁን ዓይኗን ከእንጀራው አላነሣችም። እናቷን ተዪ አላለችም። አጥንት ይዛ ትግጥ ነበር።

አባቴ በጋሞኛ፣ «ምን እያለች ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አንዳች ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩት። እሱ ግን ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። «እሺ በያት» አለኝ። «እኔ እዚያ የለሁ፣ አልሰማው። ውሃውን ማየት ትፈልጊ አልነበር? ሂጂ።»

እስከዚያች ደቂቃ የተቆጣሁት በእትዬ የሺ ነበር። «እሺ በያት» ሲለኝ ግን ደሜ ፈላ። ይህን ነገር ስንት ጊዜ ሰምቶት ነው እንዲህ የለመደው? በየትኛው ገበያ፣ ከማን አፍ? ልጁን አስተማሪ ያደረገ ሰው፣ በገዛ ልጁ አፍ የለም ለመባል እሺ አለ። ተነሣሁና ጋቢውን ከተቀመጠበት ወንበር ላይ አነሣሁ። «እትዬ፣ ይህን የሠራው አባቴ ነው። የአባቴ ስም ከማይጠራበት ቤት ይህ ጋቢ አይገባም» አልኩና አባቴን ክንዱን ይዤ ወጣሁ። እጃችንን እንኳ አልታጠብንም።

ውብነሽ በር ላይ ደረሰችብኝ። «አስቴርዬ፣ አፍ ብቻ እኮ ነው፤ ለጥቂት ቀን። ይሄን ያህል የለፋንበትን በዚህ ልታበላሺው ነው?»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

እሷ በማግሥቱ ሄደች።

ያን ክረምት ኦቾሎ ተቀመጥኩ። ዝናብ፣ ጭጋግ፣ የመወርወሪያው ድምፅ። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «መሄድ ነበረብሽ» አለኝ፤ ጮኼበት ወጣሁ። እሱ ላይ መጮሄ ተገቢ አልነበረም፤ ግን ሌላ የምጮህበት ሰው አጠገቤ አልነበረም። ገረሴ ስመለስ ጋቢውን ይዤ ሄድኩ፤ ክፍልም ለብቻዬ ተከራየሁ። በየማለዳው ደርቤው የመምህራን ክፍል እገባለሁ፣ ከውብነሽ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። ርእሰ መምህሩ፣ «ጋቢ ለብሶ ትምህርት ቤት መምጣት ደግ አይደለም» ቢሉኝ፣ «ይበርደኛል» አልኳቸው። ውብነሽ የፏፏቴውን ፎቶ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ነበር። ሳላየው መልሼ ሰጠኋት። በዓመቱ ዝውውር ጠይቃ ሄደች።

ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ አባቴ ሲሞት፣ ውብነሽ ለቅሶ መጣች። ሁለታችንም ሸብተናል። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ አለቀሰች፤ የምሯን እንደሆነ አውቃለሁ። ስትነሣ ጆሮዬ ላይ፣ «ያኔ ልጆች ነበርን እኮ፣ አስቴርዬ» አለችኝ።

«ልጆች አልነበርንም። አስተማሪዎች ነበርን» አልኳት።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጊዜም አለኝ፣ መንገዱም አስፋልት ነው። ጢስ ዓባይን እስከ ዛሬ አላየሁም። የሚያውቁኝ ሰዎች ቂም ይዘሽ መቃብር አትግቢ፣ ተዪው ይሉኛል። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ነገር ግን ተዪልኝ፣ ይቅር በይኝ ብሎ እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። እትዬ የሺ ሳይጠይቁኝ ሞቱ። ውብነሽ በየበዓሉ ትደውላለች። ስለ ልጆቿ ትነግረኛለች፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ትነግረኛለች፤ እኔም አዳምጬ እግዜር ይማርሽ እላታለሁ። አንድ ቀን ብትጠይቀኝ ምን እንደምመልስላት አላውቅም። ስልኩ በጠራ ቁጥር ግን እጠብቃለሁ።