ወንድሜ ቀጥ ብሎ የሄደ ዕለት

ታላቅ ወንድሜን ጓያ የሰበረው ዝናቡ የጠፋ ዓመት ነው። ሌላ እህል አልነበረምና ሁላችንም ጓያ በላን፤ እኛን ተወን፣ እሱን ያዘው። ጅማቱ እንደ ደረቀ ጠፍር ተሳበ፣ ተረከዙ መሬት መንካት ተወ። እግሩን እያቆላለፈ፣ በጣቶቹ ጫፍ፣ በዱላ መሄድ ጀመረ። አንድ ነገር ግን ጠቀመው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ወደ ሩቅ ቆላ ለሚጋዘው ሰፈራ ጤነኛ ጤነኛውን ሲለቅም እኛ ደጅ ደርሶ፣ «ይኼ ደግሞ ምን ይረባል?» ብሎ አለፈው።

እንዲህ ሳለን ከአዲስ አበባ ሐኪሞች መጡ። የሰው አካሄድና የአንጎል በሽታ ያጠናሉ ተባለ። ላሊበላ ትምህርት ቤት አንዱን ክፍል ወንበሩን አስወጥተው ጥቁር ሸራ አነጠፉ። በሽተኛው ውስጥ እግሩን የጠመኔ ዱቄት ተቀብቶ በሸራው ላይ ይሄዳል፤ እነሱ ዱካውን ይለካሉ፣ በካሜራ ያነሣሉ። የመረጡትን አዲስ አበባ ወዳለው የምርምር ክፍላቸው ይወስዳሉ። ወሰዱ ማለት ለእኛ አዳኑ ማለት ነበር።

አባቴ የከብት ገበያ ሰው ነው። ከአሸተን ተራራ ሥር በውሰት በቅሎ ስንወርድ ወንድሜን መከረው።

«የሚያነክስ በሬ ማን ይገዛል? የሚጠገነውን ነው የሚመርጡት። ቀጥ በልላቸው!»

ትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ከበቅሎው ሲያወርደው ዱላውን ከእጁ ወሰደ።

መስኮቱ ላይ የተኮለኮለው ሰው፣ «ኧረ ሙሽራው መጣ! እልል በሉ እንጂ!» ይላል። ወንድሜ ጥርሱን ነክሶ ተረከዙን ሸራው ላይ ተጫነ። ባቱ ሲንቀጠቀጥ ከበሩ ይታየኛል።

«አትታገል፣ እንደ ወትሮህ ሂድ» አለችው ከሐኪሞቹ አንዷ።

«ተረከዝህን!» ይላል አባቴ ከኋላ።

ደጋግማ አስኬደችው። ሲጨርስ ሱሪው በላብ ገላው ላይ ተጣብቋል። ሸራው ላይ ግን ሙሉ የጤነኛ ሰው ዱካ ነጥቶ ቀርቷል። አጎንብሳ አየችው።

«ይኼ ቀላል ነው። የባሰበት ይግባ።»

«እሜቴ፣ ተመረጠ?»

«አይ፣ አባቴ። እኛ የምንፈልገው በጣም የተጎዳውን ነው።»

«የማይድነውን?»

«በሽታው መድኃኒት የለውም። የምንወስዳቸው ለጥናት ነው።»

አባቴ ጮኸ። «ውሸቱን ነው የሄደው! እኔ ነኝ እንዲያ ያልሁት! ዱላውን ስጡትና እዩት!»

ሊቀመንበሩ በሩን ተደግፎ ሲስቅ ያየነው ያኔ ነው። «ቅድም ሽባ፣ አሁን ዘማች፣ ደግሞ ተመልሶ ሽባ! አንቱ ሰውዬ፣ ልጅዎ እኮ ለሰፈራ እንደሚሆን በሐኪም ፊት ተመሰከረለት።»

ሐኪሟ ልትናገር አፏን ከፈተች። ቀጣዩ በሽተኛ ጠመኔው ላይ ተደፋና ወደ እሱ ዞረች።

የሰፈራው መኪና የመጣ ቀን ወንድሜ ላዩ ላይ መውጣት አቃተው። እግሩን ሊያነሣ ሲል ጉልበቶቹ ተቆላለፉ። ሚሊሻዎቹ በብብቱና በሱሪው ይዘው እንደ ማዳበሪያ ከረጢት ወደ ላይ ወረወሩት። አባቴ የሊቀመንበሩን ጫማ ያዘ።

«ስለ እግዚአብሔር፣ መኪና መውጣት ያልቻለ ሰው ምን ያርሳል?»

ሊቀመንበሩ እግሩን አላቀቀ።

«እዚያ አገሩ ሜዳ ነው፤ ዳገት የለበትም።»