ጽጌን ዝም በይ ያልኳት ቀን

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ሚስቴ ስለተረፈች ብቻ አይደለም። ልገድላት ትንሽ የቀረኝ እኔው ስለነበርኩ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ስለሆነ አሳምሬ መጻፍ አላውቅም። የሆነውን እጽፋለሁ።

ጅቡቲ ከተማ፣ አምቡሊ ሰፈር ጎሚስታ ነኝ። ሰው አላምንም፣ ሐኪም ደግሞ ጭራሽ። የመጀመሪያ ልጃችን አንድ ሐኪም ቤት ሲወለድ ሞተብን። ምን ሆኖ ነው ብዬ ብጠይቅ መልስ የሰጠኝ የለም። ስለዚህ ሚስቴን ጽጌን ምጥ ሲይዛት ታክሲ ውስጥ፣ «እንዳትጮሂ። መጤ ነን፣ ይንቁናል። እንደ እናቶቻችን ጥርስሽን ነክሰሽ ውለጂ» አልኳት። እሺ አለች።

ማዋለጃው ጢም ብሏል። ነርሶቹ ወደሚጮሁት ይሮጣሉ። ጽጌ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ይዛ ዝም። አንዷ ወጣት ነርስ ገረፍ አድርጋ አየቻትና «ገና ናት» ብላ አለፈች። እኔም በሚስቴ ኮራሁ። ስጽፈው ያሳፍረኛል።

አንዲት ወፍራም ሱማሌ አዋላጅ በአጠገባችን አልፋ ሄደችና ተመለሰች። በዕድሜ የገፋች ስለሆነች ሁሉም «ኤዶ» ይላታል፣ አክስቴ እንደማለት ነው። የጽጌን ፊት አላየችም። ያየችው እግሯን ነው። ጣቶቿ ተኮማትረው ነጠላ ጫማዋ ወልቋል። ኤዶ ሆዷን ዳበሰችና ወደ እኔ ዞረች።

«ለምንድነው ዝም ያለችው?» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ።

«እኔ ነኝ ዝም በይ ያልኳት።»

«አንተ ስንት ወልደሃል?»

መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ጽጌ ጎንበስ ብላ፣ «ጩሂ ልጄ። እሱን ተይው። ካልጮህሽ በምን ልወቅልሽ?» አለቻት።

ጽጌ ጮኸች። በአሥራ ሁለት ዓመት ትዳራችን እንዲያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ውስጥ አስገቧት፣ ልጅቷም ወዲያው ተወለደች። ደሙ ግን አልቆም አለ። ወንድ አይገባም ተብዬ ውጪ የነበርኩትን ኤዶ ራሷ አስጠራችኝ። «ና፣ ስሟን ጥራ። እንዳትተኛብኝ!»

ስገባ ወለሉ ደም ነው። ኤዶ አንድ እጇን ጨብጣ ከውስጥ፣ በሌላው ከጽጌ ሆድ ላይ ተጭና ማህፀኑን ይዛለች። ለጽጌ የሚሰጥ ደም ከሌላ ቦታ እስኪመጣ መድኃኒት ሰቅለውላታል። የኤዶ ላብ ከአገጯ ይንጠባጠባል። ወጣቷ ነርስ ልተካሽ ብትላት ራሷን ነቅንቃ እምቢ አለች። እኔ የከባድ መኪና ጎማ የማነሳ ሰው ነኝ። እንደዚያ አድርጌ አምስት ደቂቃ አልቆይም። የቀትር አዛን ተሰማ። ቆይቶ ከቀትር በኋላ የሚገቡት የጫት መኪኖች እያንባረቁ አለፉ። ኤዶ እንደቆመች ናት። እኔ «ጽጌ፣ ጽጌ» እላለሁ።

የሚሰጣት ደም መጣ፣ የሚፈሰውም ቆመ። ኤዶ እጇን ስታወጣ ጣቶቿ አልዘረጋ አሏት። ነርሷ ናት አንድ በአንድ የዘረጋችላት።

የኤዶ እግር ላይ ወደቅሁ። «ተነስ፣ መንገድ ዘጋህብኝ!» ብላ ታጥባ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች።

ልጄን ለክትባት የወሰድኩ ዕለት ፈልጌ አገኘኋትና ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ አሰበች። «የትኛዋ ናት?» አለችኝ። እያስመሰለች አልነበረም። ረስታናለች። የልጅቷን ጉንጭ ቆንጠር አድርጋ ወደ ሥራዋ ገባች።

በመጀመሪያው ልጄ የሆነውን ዛሬም ይቅር አላልኩም። ግን እዚሁ ጅቡቲ ምኒልክ አደባባይ ልጅ የያዘች ሴት ባየሁ ቁጥር ቆም እላለሁ። ኤዶ ይቺንም አትርፋ ረስታት ይሆን እላለሁ።