ማግኔት የያዘው ማዕዘን

ወንድሜ ላሜራውን በሞርሳ አስሮ ጠርዙን በእንጨት መዶሻ ያጥፋል። መዶሻው የእንጨት የሆነው የስቴንለስ፣ የማይዝገው ብረት፣ ፊት ቶሎ ስለሚቆስል ነው። በአንድ እጁ ላሜራውን ይደግፋል፣ በሌላው ቀስ እያለ ይመታል፣ ቆም ይልና መታጠፊያውን በአውራ ጣቱ ይዳብሳል።

«ሌላው ብረት ሲመቱት ይሸነፋል» ይለኝ ነበር። «ይሄ ግን እልኸኛ ነው እትዬ። በመቱት ቁጥር ይጠጥራል።»

የምኖረው እሱ ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ነው። ብየዳ ቤቱ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ስለሆነ ልብስ ስጠግን እጆቹን አያለሁ። ሰፈሩ «ጋሼ ማግኔት» ይለዋል። ከተበላሸ ራዲዮ የፈታት ክብ ማግኔት ከሸሚዙ ኪስ አትጠፋም።

«አይዝግም ግን?» ይሉታል ደንበኞች።

«ራስህ እየዋ!» ይላል። ማግኔቷን ላሜራው መሃል ላይ ያስቀምጥና ዘንበል ያደርገዋል። ማግኔቷ ተንሸራታ መዳፉ ላይ ዱብ ትላለች። «አየህ? ካልያዘች ስቴንለስ ነው። ከያዘች ተራ ብረት ነው፤ እሱን ከፈለግህ ጎረቤት ሂድ።»

ሰዉ ይስቃል፣ ያምናልም። እኔ ግን አንድ ነገር ልብ ብያለሁ፤ ሁልጊዜ የሚያስቀምጣት መሃሉ ላይ ነው። ስቴንለስ ሲታጠፍና ሲቀጠቀጥ የተመታው ቦታ ጠባዩን ይለውጣል፣ ማዕዘኑ ላይ ማግኔት ትንሽ ይይዛል። ወንድሜ ይህን ያውቃል። አንድ ቀን ለምን ለሰው እንደማይነግር ብጠይቀው «ማን ቆሞ ይሰማኛል?» አለኝ። ማታለል አልነበረም፤ ነገር ማሳጠር ነበር።

ለሆስፒታሉ ማድቤት ረጃጅም የእቃ ማጠቢያ ሲንኮች የሠራው እሱ ነው። ለአዲሱ ሕንፃ ማድቤትም ሥራው የእሱ እንደሚሆን ተነግሮት ነበር። አንድ ጠዋት የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አስጠራው። እኔም ለዓይኔ እዚያው ቀጠሮ ስለነበረኝ አብሬው ሄድኩ።

ሲንኮቹ ማፍሰሻቸው ዙሪያ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥተዋል፤ የድመት ዱካ ይመስላል። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አሸተተ።

«በረኪና ነው የምታፈሱበት?»

«ታዲያ በምን እንጠበው፣ በእንባችን?» አለች አንዷ እቃ አጣቢ።

«በበረኪና የራሰ ጨርቅ ላዩ ላይ እየተዋችሁ ነው የምትሄዱት?»

«ይንጻ ብለን ነዋ፣ ጋሼ።»

ወንድሜ ወደ ኃላፊው ዞረ። ስቴንለስ የማይዝገው ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ስላለው እንደሆነ፣ ቆዳው ሲጫር ራሱን መልሶ እንደሚሸፍን፣ በረኪና ሲተኛበት ግን እየተበሳ እንደሚሄድ አስረዳው። እጆቹን እንደ ልጅ እያወናጨፈ ነበር የሚናገረው። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፤ እስኪጨርስ ጠበቀው። ከዚያ ከራሱ ኪስ ማግኔት አወጣ።

ማዕዘኑ ላይ አስጠጋት። ያዘች። በደንብ አይደለም፤ ግን አልወደቀችም።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን?» አለ ኃላፊው፣ ቀስ ብሎ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ማዕዘኑን ዳበሰ። «እሱ እኮ... ስለተመታ ነው። ሲመቱት መሳብ ይጀምራል።»

«ሲመቱት ነው የሚስበው?» አለች ያችው እቃ አጣቢ። «እንግዲያው ማታ ባሌን ልሞክረዋ!»

ማድቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ወንድሜም ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ፊቱ ላይ የሚቀመጥበት አጣ። መሃሉ ላይ ሞክሩት እያለ ቢለምንም የሚሰማው አልነበረም። ኃላፊው ክንዱን ያዝ አድርጎ ወደ ውጭ ወሰደው።

«እኔ አልጠረጥርዎትም፣ አባቴ። ግን አለቆቼ ይጠይቁኛል። ላሜራውን የሸጠልዎትን ነጋዴ እስከ ዓርብ ይዘውልኝ ይምጡ፤ ምን እንደሸጠ እሱ ይናገር። አለዚያ አዲሱን ሕንፃ ለሌላ መስጠቴ ነው።»

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ዳቦ ጋጋሪው ወንድሜ የሠራለትን የሊጥ ጠረጴዛ ማዕዘን ሞክሮ መጣ። ሻይ ቤት ያላት ጎረቤታችን ደግሞ አፍራ በልጇ ላከችበት፤ የሷም ሲንክ ማግኔት ይዟል። ስንት ዘመን ያመሰገነ አፍ ባንድ ሳምንት ዞረ። እጁ አመድ አፋሽ ሆነ።

የወንድሜ ሚስት ቁጡ ናት፣ ግን ትወደዋለች። «ነጋዴውን ጠርተህ ማምጣት ያቅትሃል? እሱ ይመስክርልህ! ሂጂ ካልከኝ እኔ እሄዳለሁ!»

«እሄዳለሁ አልኩሽ።»

ኀሙስ ከሰዓት እኔ ክፍል መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ማግኔቷን በጣቶቹ መሃል ያሽከረክራል።

«እትዬ፣ ትክክለኛው ስቴንለስ ክሮሚየምም ኒኬልም በደንብ አለበት። ኒኬሉ ውድ ነው። እሱን ቀንሰው ሌላ ነገር የሚጨምሩበት አለ፤ ሲያዩት አንድ ነው፣ ሲበይዱት አንድ ነው። ዝገት ግን ቶሎ ይጀምረዋል።»

«እሱን ማግኔት ይይዘዋላ?»

«አይይዘውም።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀና ብዬ ሳየው ገባኝ። ማግኔቷ ጥፋቱን እንዳልመሰከረችበት ሁሉ፣ ንጽሕናውንም አልመሰከረችለትም ነበር።

«ያንተስ የትኛው ነው?» አልኩት።

«ላሜራው ላይ በተለጠፈው ፕላስቲክ የትክክለኛው ስቴንለስ መለያ ቁጥር ተጽፎ ነበር። ፕላስቲክ ማንም ይለጥፋል። ምናልባት በረኪናው ብቻ ነው። ምናልባት...» ማግኔቷን ኪሱ ከተታት። «ሄጄ ብጠይቀውና ዓይኑን ቢሰብርብኝ፣ ለሰዉ ሁሉ ምን የሰጠሁ ልሆን ነው?»

ሻይ ላፍላልህ ብለው አልፈልግም አለ።

ዓርብ ጠዋት ተላጭቶ ኮቱን ለበሰ። ሚስቱ ኮሌታውን አስተካከለችለት፣ «በርታ» አለችው። ግቢው በር ላይ ሆኜ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው በዓይኔ ተከተልኩት። አውቶቡሱ መጣና ቆመ፤ ሌሎቹ ተሳፈሩ። እሱ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አደረገ፣ ሰው ያሳለፈ መስሎ መልሶ አወረደው። አውቶቡሱ ሄደ። ቀጥሎ የመጣውም እንዲሁ።

ወደ ማታ ዳቦ ይዞ ገባ፣ ማንም ግዛ ያላለውን።

«አገኘኸው?» አለችው ሚስቱ።

«ሱቁ ዝግ ነው።»

«በዓርብ?»

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እኔን አላየኝም፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ መርፌዬ ውስጥ ክር ማስገባት ጀመርኩ።

«ቀኑ ቢያልፍም ነገ ትሄዳለህ» አለችው።

«ነገ እሄዳለሁ» አላት፣ ኮቱን እያወለቀ።