መንገዴ ነው

እትዬ ወርቅዬ መርካቶ ውስጥ ክርና አዝራር ይሸጣሉ። መኪናቸው ናፍጣ፣ አውቶማቲክ፣ ኋላዋ የረዘመ የቤተሰብ ስቴሽን ናት። እስቲ አሁን ኩሊው ሸክሙን ተሸክሞ «ዞር በሉ!» እያለ በሚጋፋበት መንገድ ያን ረጅም ነገር ይዞ መግባት ምን የሚሉት ድፍረት ነው? እሳቸው ግን ይገባሉ፤ ሰዉም ይሰድባል፣ እሳቸውም ይመርቃሉ።

የገዟት ባላቸው ጋሼ ኃይለልዑል ነበሩ። የሚስታቸው ግራ ጉልበት ታማሚ ስለሆነ ፍሪሲዮን እየረገጠች አትሰቃይ ብለው አውቶማቲክ መረጡ። ልጆቹ ከነጓዛቸው ይግቡ ብለው ስቴሽን መረጡ። ናፍጣ የሆነው «ናፍጣ ጉልበት አለው» ብለው ነው፤ ምን ሊጎትቱበት እንዳሰቡ እሳቸውና ፈጣሪ ይወቁት። ጋሼ ኃይለልዑል ብዙም ሳይነዷት አረፉ። ወንዱ ልጃቸው ኢዩኤል ሐዋሳ ሥራ ያዘ፣ ሴቷ ሎዛ ጅማ አገባች። ከዚያ ሁሉ ወንበር የሚሞቀው የሹፌሩ ብቻ ሆነ።

ጠዋት ጠዋት ናፍጣው እስኪሞቅ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቢጫ መብራት እስኪጠፋ ይጠብቁና ቁልፉን ያዞራሉ፤ ሞተሩ ሲያጓራ የጎረቤት ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። «ደህና አደርሽ?» ይሏታል። ሌላ ማንን ይበሉ? ባትሪዋ የደከመ ቀን ደግሞ የሰፈሩ ጎረምሳ «ኑ እንግፋላቸው!» ብሎ ይሰበሰባል። አውቶማቲክ ተገፍታ እንደማትነሳ ቢነገረው የሚሰማ የለም፤ ላቡን ጠርጎ፣ ተመርቆ ይሄዳል። መካኒኩ «እትዬ፣ ይሽጧትና አንድ ትንሽዬ ቤንዚን ይግዙ» እያለ ይጨቀጭቃቸዋል። ትንሽዬ መኪና ግን ስንት ሰው ይይዛል?

ነገሩ የተጀመረው አንድ ዝናባማ ምሽት ነው። የሱቅ ጎረቤቶቻቸው፣ ሻርፕ ሻጯ ሀምዲያ፣ ፕላስቲክ ዕቃ የምትነግደው ፋንታዬና ልብስ ሰፊው ሰብሐት፣ አየር ጤና የሚሄድ ታክሲ አጥተው በስብሰው ቆመዋል። እትዬ ወርቅዬ መስኮቱን ዝቅ አደረጉና «ግቡ፣ መንገዴ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ መንገዳቸው ሆነ።

አቤት ያኔ መኪናዋ ስታምር! ሀምዲያ የወሎ ልጅ ናት፣ ጨዋታዋ ማለቂያ የለው። ፋንታዬ ቀኑን ሙሉ ያቃጠላትን ደንበኛ ታማለች። ሰብሐት ሁለቱንም ይተርባል። እትዬ ወርቅዬ ሁሉንም በየበሩ አድርሰው፣ ያን ሁሉ መንገድ ብቻቸውን ተመልሰው አብነት ይገባሉ። ቤታቸው አብነት ነዋ! ከሱቃቸው በእግር የሚገባ! ማደያ ተሰልፈው፣ ፀሐይ መቷቸው የቀዱት ናፍጣ ለሰው ሳቅ ይቃጠላል። ይቃጠል፣ ምን አገባን።

አንድ እሑድ ፋንታዬ ለቅሶ ልትደርስ አብነት መጣች። ያቺን ረጅም መኪና አንድ ግቢ ውስጥ ቆማ አየች። ጎረቤት ጠየቀች፤ «የእትዬ ወርቅዬ ቤት ነው፣ ሠላሳ ዓመት ኖሩበት» አሏት። እሷም ለሁለቱ ነገረች።

ሦስቱም አፈሩ። «ትልቅ ሴት ስናንገላታ ከረምን!» ተባባሉ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር እኮ ክፉ ነው፤ የሚወዱትን ሰው ያስሸሻል። በማግስቱ ሀምዲያ አክስቷ ጋ ልታድር ሆነ፣ ሰብሐት ሥራ በዛበት፣ ፋንታዬ ቀደም ብላ ዘጋች። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ፣ በሚቀጥለውም።

አንድ ማታ እትዬ ወርቅዬ ሦስቱንም ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኟቸው። አጠገባቸው ቆሙ።

«ሀምዲያ፣ ምነው ልጄ? ግቢ እንጂ፣ መንገዴ ነው።»

ሀምዲያ መሬት መሬት አየች። «እትዬ፣ ቤትዎ አብነት መሆኑን ሰማን። ከእንግዲህ አናስቸግርዎትም።»

«ስለ እኔ ብላችሁ ግቡ» የሚለው ቃል አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። የእሳቸው ይሉኝታ ደግሞ መለሰው። በዚህ ዕድሜ ሰው ይለመናል? ከኋላ ክላክስ ተንጫጫ። «እሺ፣ በሰላም ግቡ» ብለው ትንሽ ፈቀቅ እንዳሉ አንድ ጎልማሳ በሩን ያዘ።

«እናቴ፣ ጦር ኃይሎች ነው?»

«አዎ» አሉ፤ ምን እንደነካቸው እንጃ። መኪናዋ አፍታም ሳይቆይ ሞላች። ከፊት አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ። ማንም ማንንም አላናገረም።

«ሂሳብ ስንት ነው?» አለ ጎልማሳው።

«ሂሳብ የለውም ልጄ፣ እንዲሁ ነው የማደርሳችሁ።»

ኧረ እትዬ ወርቅዬ! በዚህ ዘመን የማያውቁትን ሰው በነጻ ይጭኗል? ከኋላ ያለችው ልጅ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች። ጎልማሳው የበሩን እጀታ በእጁ ፈለገ።

«ወራጅ አለ!»

«ገና አብነት እኮ ነን!»

«ግድ የለም፣ እዚሁ ይበቃናል።»

እየተጋፉ ወረዱ። ሽማግሌው ብቻ ቀሩ።

«ክፋት አላየሁብዎትም» አሉ። «ግን ለምን በነጻ?»

እትዬ ወርቅዬ ለሀምዲያ መናገር ያቃታቸውን ነገር፣ ስማቸውን እንኳ ለማያውቁት ሰው ነገሩ። «ቤቴ እዚህ ነው፣ አባቴ። ብቻዬን መግባቱን ጠልቼው ነው። የሰው ድምፅ ናፈቀኝ።»

«እንግዲያማ ይግቡ፤ እኔም እዚሁ ልውረድ፣ አላድክምዎት» አሉ ሽማግሌው። ወርደው በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁና በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚባለው፣ «እግዜር ያጥናዎት» አሉ።

እትዬ ወርቅዬ «ባሌ ከሞተ እኮ ቆየ፤ አሁን ማን ሞተብኝ?» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

የወጣው ግን «አሜን» ነበር።