ካርቡሬተር ውስጥ የከተትኳት ሽቦ

ዛሬ ጠዋት እህቴ አውሮፕላን አመለጣት። ውጭ አገር ያለው ባሏ ዘንድ ለመሄድ ናይሮቢ ተቀምጣ ሁለት ዓመት ቪዛ ስትጠብቅ ቆይታ ገና ማግኘቷ ነበር።

ኢምባካሲ አየር ማረፊያ ሳንደርስ የመኪናዬ ሞተር ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ።

አምና ለመኪናዬ፣ እያንዳንዱ ግማሹን ሞተር ቤንዚን የሚመግብ፣ ሁለት ካርቡሬተር አስገጥሜላታለሁ። የገጠሙልኝ መካኒክ ጋሽ በቀለ ከሰዓት በኋላ አራቱን ካንዴላዎች ፈቱ። ሁለቱ ጥላሸት ለብሰዋል፣ ሁለቱ ነጭ ናቸው።

«ግማሹ ሞተር ጠግቦ ግማሹ ተርቧል» አሉኝ።

ከአንደኛው ካርቡሬተር የቤንዚን ቀዳዳ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አወጡ። አዲስ አበባ ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ ብዙዎቻችን ቀዳዳውን አጥብባ ቤንዚን እንድትቆጥብ የምንከታት ናት።

«ኩፖኑ እዚህም ተከትሎህ መጣ እንዴ?» ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ባለፈው ሳምንት የከተትኳት እኔው ነኝ፤ ያውም በአንዱ ካርቡሬተር ብቻ።

እህቴ ጥፋቱ የጋሽ በቀለ መስሏት እየረገመቻቸው ነው። ከአገር ይዛችሁት የወጣችሁት ልማድ የራሳችሁን ሰው ጎድቶባችሁ ያውቃል? ጥፋቱ የእናንተ መሆኑን እንዴት ብላችሁ ነገራችሁት?